ሳናውቅ እንለምዳለን? ስለ ንቁ ግንዛቤ፣ ትኩረትና ኮንዲሽኒንግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ስነ ልቦና አስተማሪ መሆኑ የታወቀ ሰው ጥያቄ አያጣውም። የማታ ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ፣ ጎረቤቶቼ ደግሞ ቡና ላይ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይደርሳሉ፤ ሰው የሚለምደውንና የሚፈራውን ነገር የሚማረው እያወቀ ነው ወይስ ሳያውቅ? በየቦታው የሚሰማው መልስ «ሁሉንም የሚወስነው ድብቁ አእምሮ ነው» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ለምን እንደማልስማማ ከዚህ በታች እንደ ጥያቄው ስፋት እዘረዝራለሁ።

ንቁ ግንዛቤ ስል፣ አንድ ነገር ሲሆን ልብ ብለነው ብንጠየቅ በቃል ልንናገረው የምንችለውን ዕውቀት ማለቴ ነው።

ኮንዲሽኒንግ ምንድን ነው?

ሁለት ነገሮች ደጋግመው ተከታትለው ሲመጡ፣ ፊተኛው ለኋለኛው የምንሰጠውን ምላሽ ብቻውን መቀስቀስ ሲጀምር ኮንዲሽኒንግ ይባላል። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ከምግብ በፊት የሚመጣ ድምፅ የለመዱ ውሾች፣ ምግቡ ሳይቀርብላቸው በድምፁ ብቻ ምራቃቸው እንደሚፈስ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ግን፣ ብዙ ተማሪዎች በፈተና ወረቀት ላይ እንደሚጽፉት በዚህ ሥራው ሳይሆን ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ነው።

ሰውም እንደ ፓቭሎቭ ውሻ ሳይታወቀው ይለምዳል ማለት ነው?

ለረጅም ጊዜ መልሱ አዎ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ድምፅና ሕመም ደጋግመው ከተገናኙ፣ ሰውየው አወቀውም አላወቀውም ሰውነቱ በራሱ ጊዜ ይማራል የሚል እምነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ዊልያም ብሩወር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እስከዚያ ድረስ የተሠሩትን ሙከራዎች አንድ በአንድ ፈትሾ፣ በአዋቂ ሰዎች ላይ እንዲህ ያለ ከግንዛቤ ውጭ የሚፈጸም ኮንዲሽኒንግ ስለመኖሩ አሳማኝ ማስረጃ የለም ሲል ደመደመ። እ.ኤ.አ. በ2002 ፒተር ሎቪቦንድና ዴቪድ ሻንክስ ተመሳሳይ ፍተሻ አድርገው ወደዚያው የቀረበ መደምደሚያ ላይ ደረሱ።

እዚህ ድምዳሜ ላይ ያደረሳቸው ዋነኛው የሙከራ ዓይነት ይህን ይመስላል። ተሳታፊው የተለያየ ቀለም ያላቸው መብራቶች እየተፈራረቁ ይታዩታል፤ ከአንደኛው ቀለም ቀጥሎ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ይመጣል፤ በመዳፉ ላይ ብቅ የምትለው እጅግ ጥቂት ላብ በመሣሪያ ትለካለች። ንዝረቱን የሚያስከትለው የትኛው ቀለም እንደሆነ የደረሱበት ሰዎች በዚያ ቀለም መዳፋቸው ያልባል። በሌላ ሥራ ተጠምደው ያልደረሱበት ሰዎች ግን፣ በአብዛኛው፣ ንዝረቱ ስንት ጊዜ ቢደጋገምባቸውም መዳፋቸው ሁለቱን ቀለሞች አይለይም።

እንዲያውም ያለ አንዳች ድግግሞሽ፣ በቃል ብቻ መለመድ ይቻላል። «ከዚህ መብራት በኋላ ንዝረት ይመጣል» የተባለ ሰው አንድም ጊዜ ሳይነዝረው መዳፉ እንደሚያልበው እ.ኤ.አ. በ1937 ታይቷል። ይህን ለመረዳት ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልገንም። «ይህ ምጣድ ይነዝራል፤ በባዶ እግርሽ አትንኪው» የተባለች ሴት፣ ምጣዱ አንድም ቀን ሳይነዝራት፣ አክንባሎውን ልታነሳ ስትል እጇ ይሰበሰባል። ውሻ እንዲህ ሊማር አይችልም። በእኔ እምነት የሰውን ኮንዲሽኒንግ ከእንስሳው የሚለየው ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ አብዛኛው በዕውቀት በር በኩል ይገባል።

ሰውየው አለማወቁስ እንዴት ይታወቃል?

ጥያቄው የዚህን ሁሉ ክርክር ሥር ይነካል። ጆኤል ግሪንስፑን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው ጥናት ተሳታፊዎች የመጣላቸውን ቃል ሁሉ እንዲናገሩ አደረገ፤ የብዙ ቁጥር ስም በተናገሩ ቁጥር ደግሞ «እምም» እያለ አበረታታቸው። የብዙ ቁጥር ስሞቹ እየበዙ ሄዱ፤ በመጨረሻ ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ ምንም አላስተዋልንም አሉ። ሳይታወቃቸው ተማሩ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሌሎች ተመራማሪዎች መሰል ሙከራ አድርገው ተሳታፊዎቹን በጥልቀትና በብዙ ጥያቄ ሲመረምሯቸው ግን፣ ለውጥ ያሳዩት በዋናነት «እምም» የሚባለው መቼ እንደሆነ ልብ ያሉት ሆነው ተገኙ።

ክፍል ውስጥ «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ የማን አእምሮ ውስጥ ምን እንደገባ እንደማይነግረን ማንኛውም አስተማሪ ያውቀዋል። «አስተውለሃል?» የሚል አንድ ነጠላ ጥያቄም እንዲሁ ነው። ሰው በከፊል የደረሰበትን ነገር እርግጠኛ ስላልሆነ ሳይናገረው ይቀራል፤ ጥያቄው ከዘገየም ይረሳዋል። ስለዚህ «ሳያውቁ ተማሩ» የሚል ዜና ስሰማ መጀመሪያ የማጣራው እንዴት እንደተጠየቁ ነው።

ታዲያ ከግንዛቤ ውጭ የሚፈጸም ትምህርት ፈጽሞ የለም?

አለ፤ ግን ጠባብ ነው፣ ዓይነቱም የተለየ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1911 ኤዱዋር ክላፓሬድ የተባለ የጄኔቫ ሐኪም የማስታወስ ችሎታዋ የተጎዳ አንዲት ታካሚ እጅ ሲጨብጥ በጣቶቹ መካከል መርፌ ደብቆ ወጋት። ቆይቶ እጁን ሲዘረጋላት፣ የሆነውን ፈጽሞ የማታስታውሰው ሴት እጇን ሰበሰበች። ለምን ብሎ ሲጠይቃት፣ ምናልባት እጅ ውስጥ መርፌ ይደበቅ ይሆናል የሚል ዓይነት መልስ ሰጠችው። ሰላምታን በሁለት እጅ ተቀብለን ትከሻ ለትከሻ ለምንነካካ ለእኛ ታሪኩ ይከብዳል፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ በየትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ አያልፍም። ያሳየው ነገር ግን ቁም ነገር ነው፤ ድርጊቱን የሚያስታውሰው የአንጎል ክፍል ጠፍቶ ሳለ ጥንቃቄው ተርፏል።

ከዚህ ብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ አንቷን ቤቻራና ባልደረቦቹ ሦስት ታካሚዎችን አነጻጸሩ። በአንጎል በሁለቱም ወገን ያለው፣ ከፍርሃት ጋር የተያያዘው አሚግዳላ የተባለው ክፍል የተጎዳባት ታካሚ ከየትኛው ቀለም በኋላ አስደንጋጩ የጥሩምባ ድምፅ እንደሚመጣ አስተካክላ መናገር ቻለች፤ መዳፏ ግን አላላበም። ሂፖካምፐስ፣ ማለትም የሆነውን ለማስታወስ የሚረዳው የአንጎል ክፍል፣ የተጎዳበት ታካሚ በተቃራኒው መዳፉ አላበው፤ የትኛው ቀለም እንደሆነ ግን መናገር አልቻለም። ሁለቱም የተጎዱበት ሦስተኛው ታካሚ አንዱም አልሆነለትም። ማወቅና መፍራት በአንጎል ውስጥ ሁለት የተለያዩ መንገዶች እንዳሏቸው ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ሥራ አላውቅም።

ሌላው ማስረጃ የመጣው ከዓይን ሽፋን ነው። ድምፅ ይሰማል፤ ጥቂት ቆይቶ ዓይን ላይ እፍ የሚል አየር ይለቀቃል፤ ሲደጋገም ድምፁ ብቻውን ዓይንን ያስጨፍናል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሮበርት ክላርክና ላሪ ስኳየር ይህን በሁለት መንገድ ሠሩት። በአንደኛው፣ ድምፁ አየሩ እስኪመጣ ድረስ ይቀጥላል። በሁለተኛው፣ ድምፁ ይቋረጥና ከሰከንድ የማይበልጥ ዝምታ በመካከል ይገባል። በመጀመሪያው መንገድ የተገነዘቡትም ያልተገነዘቡትም፣ ሂፖካምፐሳቸው የተጎዳ ታካሚዎችም ጭምር ለመዱ። በሁለተኛው የለመዱት ግንኙነቱን የተገነዘቡት ብቻ ናቸው። ያችን የዝምታ ክፍተት ለመሻገር ግንዛቤ ድልድይ ሆኖ ያገለግላል የሚለው ሐሳብ ከዚህ መጣ። በመጀመሪያው መንገድ ግንዛቤ በእርግጥ እንደማያስፈልግ ዛሬም የሚከራከሩ አሉ።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ፈረንሳዊው ፒየር ፔሩሼ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ሙከራ ነው። እዚህ አየሩ የሚመጣው ድምፁ ከተሰማባቸው ጊዜያት በግማሹ ብቻ ነበር፤ ተሳታፊዎቹም ይህን ያውቃሉ። አየሩ በተከታታይ ብዙ ጊዜ ከመጣ ሰዎች «አሁንስ በቃው፣ አይደገምም» ብለው ይገምታሉ፤ ሳንቲም እየወረወረ ሦስት ጊዜ አንበሳ የወጣለት ሰው ቀጥሎ ሌላው ገጽ ይመጣል ብሎ እንደሚያስበው ማለት ነው። ዓይናቸው ግን በተቃራኒው ነው፤ አየሩ በተደጋገመ ቁጥር ይበልጥ ይጨፈናል። አእምሮ «አይመጣም» ሲል ሽፋሽፍት «ይመጣል» ይላል። በአንድ ሰው ውስጥ፣ በአንድ ቅጽበት፣ ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠዋል።

አደጋ እንደሌለው እያወቅሁ የምፈራው ለምንድን ነው?

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረት ይህን ከቤተ ሙከራ በፊት ተናግሮታል። ልጥ መሆኑን ማወቅ መበርገጉን አይከለክልም።

ማወቅ ምን ያህል እንደሚረዳ የሚወሰነው በሚፈራው ነገር ዓይነት ነው። በአበባ ወይም በተራ ቅርጽ ሥዕል ላይ የተፈጠረ ፍርሃት «ከእንግዲህ ንዝረት የለም» ሲባል ወዲያው ይወርዳል። በእባብና በሸረሪት ሥዕል ላይ የተፈጠረው ግን በቃል ብቻ በቀላሉ እንደማይጠፋ ስዊድናዊው አርነ ኡማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሳይተዋል። የምግብ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ኢሊን በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው ጥናት፣ ለካንሰር መድኃኒት ከመውሰዳቸው በፊት ለየት ያለ ጣዕም ያለው አይስክሬም የበሉ ልጆች ኋላ ያንን አይስክሬም ጠሉት። በሽተኞች የሚያስመልሳቸው መድኃኒቱ መሆኑን እያወቁ እንኳ ምግቡን ይጠሉታል። ታማ በተኛችበት ሰሞን የቀመሰችውን ሾርባ ከዓመታት በኋላ ሽታውን መቋቋም ያቃታት ጎረቤቴ «ሾርባው ምንም እንዳላደረገኝ አውቃለሁ» ትለኛለች። ታውቃለች፤ ሆዷ ግን አይሰማትም።

ትኩረትና ግንዛቤ አንድ ናቸው?

በአማርኛ «ልብ ማለት» ሁለቱንም ይይዛል። «ልብ በል» ስንል ትኩረትህን ስጥ ማለታችን ነው፤ «ልብ አላልኩም» ስንል ደግሞ አልተገነዘብኩም ማለታችን ነው። ቋንቋችን ያጣመራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። ነገር ግን ይለያያሉ።

የአንጎል ጉዳት ደርሶበት ከዕይታው ግማሽ ምንም አላይም የሚል አንድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ሮበርት ኬንትሪጅና ባልደረቦቹ በዚያው በማያየው ወገን ላይ ምልክት ሲያሳዩት፣ ምልክቱ ትኩረቱን ወደ ቦታው እየሳበ በዚያ ስለሚመጣው ነገር ፈጥኖ እንዲመልስ አደረገው። ትኩረቱ ሄዷል፤ ያየው ነገር ግን የለም።

ሌላውን ምሳሌ እዚሁ ሰፈር አገኘዋለሁ። ከቤቴ ጀርባ ወፍጮ ቤት አለ። አዲስ የገባ ተከራይ የመጀመሪያውን ሳምንት ድምፁን ሲያማርር ይከርማል፤ ከወር በኋላ ስለ ወፍጮው ብትጠይቁት «የትኛው ወፍጮ?» ይላል። መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቀጥ ሲል ግን ሁላችንም ቀና እንላለን። ሩሲያዊው ዬቭጌኒ ሶኮሎቭ ይህን ሲያብራራ፣ አንጎል የለመደውን ድምፅ ዝም ብሎ አይደፍነውም፤ ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባውን የሚጠብቅበት ምስል ይሠራለታል፤ ትኩረት የሚነቃው እውነታው ከምስሉ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው ይላል። ዝምታም ያነቃናል ማለት ነው። ማንም ሰው ወፍጮውን እየሰማሁ ነው ብሎ ሳያስብ፣ ውስጡ የሆነ ነገር ይጠብቀው ነበር።

ሰው በአጠገቤ አልፎ ሰላም ሳይለኝ ቢቀር አላየኝም ብዬ ልመን?

ብዙ ጊዜ፣ አዎ። እዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስንት ኩርፊያ ከዚህ ተነሥቷል!

ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ሻብሪስ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ሙከራ፣ ነጭ የለበሱ ተጫዋቾች ኳሱን ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ የሚቆጥሩ ሰዎች፣ የጎሪላ ልብስ ያጠለቀ ሰው በመካከል ገብቶ ደረቱን መትቶ ሲወጣ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። በኋላ የዓይን እንቅስቃሴ ሲለካ፣ ካላዩት መካከል ዓይናቸው ጎሪላው ላይ ያረፈ ነበሩ። ስለዚህ «ዓይን ለዓይን ተጋጭተን ነው ያለፈኝ» የሚለው ክስ ብቻውን ንቀትን አያስረዳም። «ሐሳብ ይዞኝ ነው» የሚለው ማስተባበያ ከሚመስለን በላይ እውነት ነው።

ቃሊቲ ላይ ረዳቶች ሁሉ ሲጮኹ የእኔን መንገድ ብቻ የምሰማው እንዴት ነው?

ኮሊን ቼሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ለሰዎች በሁለቱ ጆሮዎቻቸው የተለያየ ንግግር አሰምቶ አንዱን እንዲደግሙ ሲያደርግ፣ በሌላው ጆሮ ስለተነገረው ምንም ማለት አልቻሉም፤ ንግግሩ ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ መለወጡን እንኳ አላስተዋሉም። ኔቪል ሞሬይ እ.ኤ.አ. በ1959 በዚያ ባልተሰማው ጆሮ የራሳቸውን ስም ሲያስገባ ግን ከሦስት አንድ ያህሉ ሰሙት። ከዚህ በመነሣት አን ትሪስማን ትኩረት ሌላውን ድምፅ ጨርሶ እንደማይዘጋው፣ እንደሚያደክመው ብቻ አስረዳች፤ ስማችንን የመሰለ ብዙ የሚያገባን ቃል ደክሞም ቢሆን ያልፋል። «ቱሉ ዲምቱ! ቱሉ ዲምቱ!» የሚለው ጥሪ ለእኔ እንዲህ ያለ ቃል ነው፤ ለሰበታው መንገደኛ ጫጫታ ነው።

ስልክ በጆሮ ማዳመጫ እያወሩ መንዳት ችግር አለው?

አለው። ከሰፈራችን ተነሥቶ ወደ አዳማ በሚሄደው የፍጥነት መንገድ ለሚነዱ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ዴቪድ ስትሬየርና ዊልያም ጆንስተን ባወጡት ጥናት፣ መንዳትን በሚመስል ሥራ ላይ በስልክ የሚያወሩ ሰዎች ያመለጧቸው የቁም ምልክቶች እጥፍ ሆኑ፤ ስልኩን በእጅ መያዝና አለመያዝ ልዩነት አላመጣም። ሬዲዮ ማዳመጥ ግን ይህን ጉዳት አላስከተለም። እጅ ነጻ መሆኑ አይበቃም፤ የሚወሰደው ትኩረት ነው፤ ሾፌሩም ያላየውን እንዳላየ አያውቅም።

ተኝቼ ትምህርት ባዳምጥ ይገባኛል?

ትምህርቱ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2012 አናት አርዚና ባልደረቦቿ በእንቅልፍ ላይ ያሉ ሰዎች አንድን ድምፅ ከመልካም ሽታ፣ ሌላውን ከመጥፎ ሽታ ጋር አያይዘው እንደተማሩ አሳይተዋል፤ ሲነቁም ምንም ሳያስታውሱ ለመልካሙ ድምፅ ጠለቅ አድርገው፣ ለመጥፎው ቆጠብ አድርገው አሸተቱ። ድንቅ ነው፤ ነገር ግን የአተነፋፈስ ለውጥ ነው። የታሪክ ምዕራፍ ወይም የሒሳብ ቀመር በዚህ መንገድ አይያዝም።

በማስታወቂያ ውስጥ የሚደበቁ መልእክቶችስ?

ይህ ወሬ የተስፋፋው ጀምስ ቪካሪ የተባለ አሜሪካዊ የገበያ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1957 በሲኒማ ውስጥ ዓይን በማይዘው ፍጥነት መልእክት አሳይቼ ሽያጭ ጨመርኩ በማለቱ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የረባ መረጃ እንዳልነበረው ራሱ አመነ። ወሬው ግን እስከ ዛሬ አልሞተም።

ልጄ ነጭ ጋወን ሲያይ ያለቅሳል። «ምንም አያደርግህም» ማለት ለምን አልረዳውም?

መጀመሪያ፣ «አርፈህ ካልተቀመጥክ ዶክተሩ ይወጋሃል» እያሉ ማስፈራራት ይቁም። ከላይ እንዳየነው ቃል ብቻውን ፍርሃት ይፈጥራል፤ ብዙ ልጆች ነጭ ጋወንን መፍራት የሚጀምሩት መርፌ ሳይነካቸው፣ ከቤት በሰሙት ነው። ይህን ጎረቤቶቼ ሲያደርጉት ዝም ማለት አልችልም።

ሁለተኛ፣ የልጁን ፍርሃት በማስረዳት ብቻ ማስለቀቅ ከባድ ነው። ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር እ.ኤ.አ. በ1920 አንድን ሕፃን ነጭ አይጥ ባየ ቁጥር ብረት በመዶሻ እየመቱ አይጧን እንዲፈራ አደረጉት፤ ፍርሃቱንም ሳያስለቅቁት ለቀቁት። ሜሪ ከቨር ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1924 የዚህን ተቃራኒ ሠራች፤ ጥንቸል የሚፈራ የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏን ከሩቅ አስቀምጣ፣ ቀን በቀን በጥቂቱ እያቀረበች፣ በመጨረሻ ልጁ እስኪዳብሳት ድረስ አደረሰችው።

እንዲህ የለቀቀ ፍርሃት ግን የተፋቀ ፍርሃት አይደለም። ፓቭሎቭ ምግብ በማቋረጥ ያጠፋው የውሻ ምላሽ ከዕረፍት በኋላ በራሱ ሲመለስ አይቷል። ማርክ ቡተን ደግሞ አዲሱ ትምህርት ከተማሩበት ቦታ ጋር እንደሚታሰር፣ ቦታው ሲለወጥ አሮጌው ፍርሃት እንደሚመለስ በብዙ ሙከራ አሳይቷል። ስለዚህ ልጁ በአንድ ጤና ጣቢያ ማልቀስ ቢያቆምም፣ በሌላ ጤና ጣቢያ እንደገና ሊጀምር ይችላል። ያን ጊዜ መቆጣት አያስፈልግም። መርፌ በሌለበት ቀን፣ ለክትባትም ለሕመምም ሳይሆን፣ ሰላም ለማለት ብቻ ወስዳችሁ አሳዩት፤ ከተቻለም ከአንድ በላይ ወደሆነ ቦታ፣ የሚወደውን ዳቦ አስይዛችሁ።